የእኔ ጉራና የዳማው ጡንቻ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ስለ ፈረስ ጡንቻ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ባለጋሪ አልነበረም። ይኼን የምለው ልኩራራ ብዬ አይደለም። ኧረ ልኩራራ ብዬ ነው፣ ምን አስዋሸኝ! ሌላው ባለጋሪ ፈረሱን ከላይ ከላይ ነው የሚያይ፤ ጀርባው ተልጧል ወይ፣ ኮቴው ተሰንጥቋል ወይ፣ በቃ። እኔ ግን ቆዳውን አልፌ ውስጡን አየው ነበር። በዓይኔ አይደለም እንግዲህ፣ በመጽሐፍ ነው።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ገና ወደ ከተማችን ብቅ ብቅ ማለት በጀመረበት ጊዜ ነው። ዋናው መንገድ ላይ ገና የጋሪ ወረፋ ነበር። ቀበሌው እየጠራ ይሰበስበናል፤ ተደራጁ ይለናል፣ ማኅበር ሁኑ ይለናል፣ ልማታዊ ባለጋሪ ሁኑ ይለናል። እኔ እጄን አውጥቼ «ፈረሶቹም ይደራጁ ወይስ እኛ ብቻ?» ብዬ ስጠይቅ አዳራሹ በሳቅ ይፈርሳል። ሰብሳቢው ራሱ ስቆ ሲያበቃ ነው «እስኪ ቁም ነገር እናውራ» የሚል። እንዲህ ነበርኩ። ከገበያው እስከ ሆስፒታሉ በር የማያውቀኝ አልነበረም፤ ጋሪዬ ላይ የወጣ ሰው ሳይስቅ አይወርድም። ሆድ ቁርጠት ይዞት ሆስፒታል የማደርሰው ሰው እንኳ በር ላይ ሲደርስ «አሁንስ ተወኝ መሰለኝ፣ መልሰኝ» ያለበት ጊዜ አለ።

ግን ሁሉም ይወርዳል። ጋሪ ማለት እንግዲህ እሱ ነው፣ ሰው የሚወርድበት ነገር ነው። ሥራ ሲያበቃ ከሆስፒታሉ ጀርባ ወደ ተከራየኋት አንድ ክፍል እገባለሁ፤ አብሮኝ የሚገባ የለም። ሚስት አላገባሁም። ለምን ሲሉኝ «ቆንጆዎቹ በእኔ ተጣልተው ሳስታርቃቸው ዕድሜዬ አለቀ» እላለሁ፤ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ወሬው እዚያ ላይ ያልቃል። እናቴ ከሞተች ወዲህ ጅጋ ያለው ዘመድ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ አይፈልገኝም። ከክፍሌ በአንድ ቆርቆሮ ብቻ የምትለይ በረት ነበረች። እዚያ ዳማው ይቆማል። ዳማ የምንለው ቀይ ቡናማ ፈረስ ነው፤ ሌላ ስም አላወጣሁለትም። ጭዱን ሲቆረጥም በቆርቆሮው በኩል እሰማዋለሁ፣ እኔ ደግሞ የዋልኩበትን አወራለታለሁ። በዚያች ከተማ ውስጥ ከእኔ ጋር የሚያድር ነፍስ እሱ ብቻ ነበር።

የገዛሁት ቡሬ ገበያ ነው። ከቡሬ አለፍ ሲባል ያለው የአዊ አገር ሰው ፈረስ የሚያሳድግ ለጋሪ አይደለም፣ ለግልቢያ ነው። ታዲያ ያን ዕለት አንድ ሽማግሌ እንዲህ ያለውን ጋላቢ ፈረስ ልጓሙን ይዘው፣ ፊታቸውን ግን ወደ ሌላ ወገን አዙረው ቆመዋል። የሚሸጡትን ነገር የማያይ ሻጭ አይቼ አላውቅም።

«አባቴ፣ ፈረሱ ምን ነካው?» አልኳቸው።

«እሱን ምንም አልነካው። ጋላቢው ነው የሞተ።»

ልጃቸው ነው። በአጭር ሕመም፣ በጎልማሳነቱ ሄደባቸው። ፈረሱን እንደ ወጉ ኮርቻ ጭነው ለቅሶ ሜዳው ላይ አዙረውታል፤ ከዚያ በኋላ ግን ግቢ ገብቶ ሲቆም ማየቱ አቃታቸው። ዋጋ አልተከራከሩም። ልጓሙን እጄ ላይ አድርገው፣ ዞር ሳይሉ ሄዱ።

ዳማው መጀመሪያ ጋሪ ላይ ጉድ አሳየኝ። ተሳፋሪ እንደወጣ ሽምጥ ይነሳል፤ አንዲት የቅቤ ነጋዴ ከነቅሏ ልትወድቅብኝ ስትል «ይኼ ጋሪ ነው ወይስ አውሮፕላን?» ብላ ሰድባኛለች። እየዋለ እያደረ ግን ረጋ አለ። ክረምት ሲገባ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሶምሶማ የሚል፣ ወረፋውን የሚያውቅ የለየለት የጋሪ ፈረስ ሆኖ ነበር።

እንስሳት ጤና ጣቢያው ውስጥ አንድ ወጣት ሐኪም ነበረ፤ ደብረ ዘይት ተምሮ የመጣ፣ ጎጃም እንግዳ የሆነበት፣ ከላምና ከበግ በቀር የሚያጫውተው ያጣ። ጋሪው የዳማውን ትከሻ ሲልጠው ወሰድኩለት። ቁስሉን አጥቦ ሲጨርስ የኋላ ጭኑን መታ መታ አደረገና፣

«ይኼ ፈረስ ጋሪ ላይ ምን ይሠራል?» አለኝ።

«ይጎትታላ።»

«የሚጎትት ጭን አይደለም'ኮ። የሚወነጨፍ ጭን ነው።»

«የእኔም ጭን የሚወነጨፍ ነው። ግን ይኸው፣ ጋሪ ላይ ተቀምጦ ይውላል።»

ሳቀ። ከዚያ ወዲህ «ፕሮፌሰር» እያለ ይጠራኝ ጀመር፤ ሊቀልድብኝ ነበር፣ እኔ ግን ሹመቱን ተቀበልኩ። ስለ ጡንቻ ስጠይቀው አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አዋሰኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ነው የወጣሁ። ትምህርቱ አቅቶኝ እንዳይመስላችሁ፤ ትምህርት ቤቱ ነው እኔን ያቃተው። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሬዲዮና ከመዝገበ ቃላት ነው። ያን ክረምት ዝናቡ ሰዉን ሁሉ ከየቤተሰቡ ጋር ምድጃ ዳር ሲሰበስብ፣ እኔ መጽሐፉን ይዤ ቆርቆሮዬ ሥር ተቀመጥኩ። አንዷን ገጽ ለመሻገር የሚፈጅብኝን አልነግራችሁም። የገባኝን ልንገራችሁ፤ ያልገባኝ እዚያው መጽሐፉ ውስጥ ቀርቷል።

ጡንቻ የክር ጥቅል ነው። ክሩ ታዲያ አንድ ዓይነት አይደለም። ዘገምተኛ ክር አለ፤ ደም በብዛት ስለሚገባው ቀላ ይላል፣ አየር እየሳበ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ቀኑን ሙሉ ቢሠራ አይሰለቸውም። ፈጣን ክር አለ፤ እንደ ጭድ እሳት ቦግ ይልና ይከስማል። በመካከል ደግሞ ፈጠንም የሚል ቻልም የሚያደርግ ክር አለ። ዶሮ የገነጠለ ሰው ያውቀዋል፤ ቀኑን ሙሉ ስትራመድበት የምትውለው ጭኗ ጠቆር ይላል፣ ለአንዳፍታ ብር ስትል ብቻ የሚያገለግላት ደረቷ ግን ነጭ ነው። ፈረስ ላይ እንዲህ አልተለየም፤ እዚያው አንዱ ጡንቻ ውስጥ ሁሉም ጎን ለጎን ተገምደው ይኖራሉ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ጂን የሚሉት ነው። የኮቴም ይሁን የዓይን፣ እያንዳንዱ ሕዋስ የፈረሱን ሙሉ ጽሑፍ ይዟል አሉ። ታዲያ ዓይን ኮቴ የማይሆን ለምንድን ነው? ሁሉንም ስለማያነበው ነዋ። ደብራችን ዕቃ ቤት ስንት መጽሐፍ ተቀምጧል፤ ግን ዛሬ ወጥቶ የሚነበበው የዛሬው በዓል የሚጠይቀው ነው፣ ሌላው ተዘግቶ ተራውን ይጠብቃል። ጡንቻም እንደዚያው። ምኑን እንደሚያነብ ሥራው ያዝዘዋል። ዳማውን ሲያስጋልቡት የግልቢያው ገጽ ይነበብ ነበር፤ እኔ ጋሪ ላይ ሳስረው የመጎተቱ ተገለጠ፣ የግልቢያው ተከደነ። ተከደነ እንጂ አልተቀደደም። ይችን ነገር በጣም ወደድኳት። ለምን እንደወደድኳት ያን ጊዜ አልጠየቅሁም።

ተሳፋሪ በተሳፈረ ቁጥር አስተምራለሁ። አንድ ቄስ ሰምተው ሰምተው፣

«ልጄ፣ እኔስ የትኛው ክር ነኝ?» አሉኝ።

«አባ፣ እርስዎ ሲቀድሱ ዘገምተኛ፣ ድግስ ሲጠሩ ፈጣን ነዎት» ብላቸው በያዙት ጭራ ጀርባዬን አቀመሱኝ፤ እየሳቁ ግን ነው።

ሽማግሌው ኅዳር ሊያልቅ ሲል መጡ። ወረፋ ላይ ነበርኩ። ከቡሬ የመጣ መኪና አውርዷቸው፣ ዱላቸውን ይዘው ጋሪዎቹን አንድ በአንድ እያዩ መጥተው ዳማው ፊት ቆሙ። እኔን ልብ አላሉኝም። በአዊኛ፣ ቀስ ብለው፣ አንድ ሁለት ቃል ተናገሩ። ዳማው ሁለት ጆሮውን ቀጥ አድርጎ አንገቱን ወደሳቸው አዞረ።

እንዴት እንደከፋኝ! እኔ በቆርቆሮ በኩል ስንቱን ነግሬዋለሁ፤ ስለ ቀበሌው፣ ስለ እናቴ፣ አንዲት ሻይ ቤት የምትሠራ ሴት ስቃልኝ ስለነበረች። አንድ ቀን እንዲህ ጆሮውን ሰጥቶኝ አያውቅም። ለካ አማርኛ አይሰማም ኖሯል! ይኼን ሁሉ ጊዜ ለብቻዬ ነው ሳወራ የኖርኩ።

«እንዴት ዋሉ አባቴ፣ ወዴት ላድርስዎ?» አልኩ፤ አላወቅኋቸውም ነበር።

«ደርሻለሁ። እዚሁ ነው የመጣሁ» አሉ እጃቸውን የዳማው ግንባር ላይ አድርገው። ያን ጊዜ አወቅኋቸው።

እዚያው ወረፋው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ነገሩን ነገሩኝ። በሳቸው ሰፈር ወግ አለ። ጥር ጊዮርጊስ ፈረሰኛው ሁሉ ሜዳ ይወጣል። በዚያ ዓመት የሞተ ፈረሰኛ ካለ፣ ፈረሱ ኮርቻውን እንደ ተጫነ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ ከእኩዮቹ ፈረሶች ጋር አንድ ዙር ይሮጣል። የሟች ዙር ይሉታል። ጓደኞቹ ከሟች ጋር የሚሰነባበቱት ያን ጊዜ ነው፤ ቤተሰቡም ኀዘኑን የሚያወልቅ ከዚያ ወዲያ ነው። ሽማግሌው ግን ልባቸው አልችል ብሎ ፈረሱን አስቀድመው ሸጡት።

«አሁን ሰው ምን ይለኛል መሰለህ?» አሉኝ። «‹ልጁ ሳይሰናበት ፈረሱን ገበያ አወጣ› ይላል። ልክ ነው የሚሉ፣ እውነት ነው።»

«ታዲያ ምን ችግር አለ! ይውሰዱት፣ ያሩጡት፣ ይመልሱልኝ።»

ዳማውን አዩት። አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እግሩን አሳርፎ፣ እንደ ጡረተኛ ቆሟል።

«ጋሪ ለምዷል» አሉ። «ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ ከፈረሶቹ ኋላ ሶምሶማ እያለ ቢመጣ ሜዳው ይስቃል። ልጄ ሞቶ እንዲሳቅበት አልሻም። የማይሮጥ ከሆነ ባይወጣ ይሻለኛል።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ይላል። እኔ ግን ባለጋሪዎቹ ከበውን እየሰሙ ነው፤ ሰው እየሰማ ዝም ማለት ደግሞ አልተፈጠረልኝም።

«አባቴ፣ ሰው አግኝተዋል!» አልኩ ብድግ ብዬ። «ይኼ ፈረስ ገጹ ተከድኖ ነው እንጂ አልተቀደደም! እስከ ጥር እኔ እገልጠዋለሁ!»

«የምን ገጽ?»

«የጡንቻው!»

አንዱ ባለጋሪ «አባባ፣ አይስሙት፣ እሱ ዝንብም ያስጋልባል» አለና ሁሉም አሽካኩ። ሽማግሌው አልሳቁም። በደንብ አዩኝና፣

«እንግዲያው ነገሩን እንቁረጥ» አሉ። «ከሮጠ የልጄ ፈረስ ነው፣ ያወጣኸውን ከፍዬህ ቤቱ ይገባል፤ የልጄን ዙር ሮጦ ወደ ጋሪ አይመለስም። ካልሮጠ ያንተው ነው፣ ሁለተኛ አልመጣብህም።»

«ተስማማን!» አልኩ በጩኸት፣ እጃቸውን መትቼ።

ምን እንዳልኩ የገባኝ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። ቢሮጥልኝ ዳማው ይሄዳል። ባይሮጥ ዳማው ከእኔ ጋር ይቀራል፣ አንድ አባት ግን ልጁን ሳይሰናበት ይቀራል። ጉራዬ ስንት ቦታ ከቶኛል፤ እንዲህ ያለ ቦታ ግን ከቶኝ አያውቅም።

ሐኪሙን ሳማክረው «በል ፕሮፌሰር፣ አሁን ተፈተንክ» ብሎ ተደሰተ። ከሁሉ በፊት ጋሪውን አስፈታኝ። ረጅምና ዝግ ያለ ሥራ ይቁም፤ አጭርና ኃይለኛ ሩጫ፣ ከዚያ ረፍት፣ ደግሞ ሩጫ። ገብስና እንግዶም ጨምርለት አለኝ፤ እንግዶ እኛ አገር ለፈረስ የምንሰጣት ከገብስ ጋር የምትበቅል እህል ናት።

«ግን ተአምር አትጠብቅ» አለኝ። «ዘገምተኛው ክር ብዙውን ይዞት የሚወለድ ነው። በሥራ በደንብ የሚለዋወጡት ፈጣኖቹ እርስ በርሳቸው ናቸው። ስንቱ እንደተለወጠ ለማወቅ ደግሞ ከጭኑ ትንሽ ቁራጭ ወስዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።»

«ዳማው ቁርጥ ቤት አይደለም» አልኩት።

ጋሪው ሲቆም እኔ ገበያ ውስጥ ጆንያ መሸከም ጀመርኩ። ፈረሱ ጋላቢ ሊሆን እኔ የጋሪ ፈረስ ሆንኩ ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት ላህ ወንዝ ዳር ወዳለው ሜዳ እወስደዋለሁ። ኮርቻ ላይ ወጥቼ ሆዱን በተረከዜ ነካ ሳደርገው ትንሽ ይነሳና ወዲያው ሶምሶማ ይወርዳል። ከዚህ የባሰው ደግሞ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ባየ ቁጥር ቀጥ ብሎ መቆሙ ነበር፤ ተሳፋሪ መስሎት! አንዷ ውኃ ልትቀዳ የወጣች ሴት ፊት ቆመና አልነቃነቅ አለ። «ምን ፈለግህ?» ብትለኝ «እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው፤ ውጪ ይልሻል» አልኳት። ስቃ ሄደች። እኔ ግን ጭንቅ ያዘኝ፤ የጥር ጊዮርጊሱ ሜዳ ዳርና ዳሩ የቆመ ሰው ነው። በሰው ቁጥር እየቆመ ሊሄድ ነው?

እየደጋገምን ቀጠልን። አስሮጠዋለሁ፣ አሳርፈዋለሁ፣ ደግሞ አስሮጠዋለሁ። መካከል ላይ አንድ ሐሳብ መጣብኝ፤ ለምን አልተወውም? ማን ያውቃል? ቁራጭ ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚያይ የለ። ዝም ብዬ በሶምሶማ አመላልሰዋለሁ፣ ጥር ሲደርስ «አልሆነም አባቴ» እላለሁ፣ እኔና ዳማው ወደ ቆርቆሯችን እንገባለን። እንዲያውም አንድ ጠዋት ሜዳው ደርሼ ኮርቻ ላይ ሳልወጣ ሣር ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ዳማው ትንሽ ጋጠ፣ ቀና አለ፣ ወንዙን አየ። ከዚያ ማንም ሳያዝዘው፣ ባዶውን፣ ተስፈነጠረ! አንገቱ ተዘረጋ፣ የኋላ እግሮቹ መሬቱን ገፍተው ወረወሩት፣ ሜዳውን ጫፍ ድረስ ሽምጥ ሄዶ ዞረና መጣ። የሩጫው ነፋስ ፊቴን መታው።

በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅሁበት ቀን የለም። ብቻዬን፣ ሜዳ ላይ፣ እንደ እብድ። ከዚያ ዙሪያውን አየሁ፤ «አያችሁት?» የምለው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ መተው አልቻልኩም። እንዲህ ያለ ነገር ከእኔ ሌላ ሰው ሳያየው እንዴት ይቀራል?

ጥር ሳይገባ ሐኪሙ ዝውውር ደረሰው። መጽሐፉን መለስኩለት። «ውጤቱን ላክልኝ ፕሮፌሰር» አለኝና ሚኒባስ ላይ ወጣ። በምን እንደምልክለት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ለበዓሉ ዳማውን እያሳረፍኩ፣ ቡሬ አድሬ፣ ከሽማግሌው አገር ደረስኩ። ግቢያቸው ከሜዳው አፋፍ ላይ ነው፤ የቅንጭብ አጥር፣ ሰፊ ግቢ፣ አንድ ጭስ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ይኼን ያወቅሁ ያን ጊዜ ነው።

ሜዳው ፈረስ በፈረስ ሆኗል። ጀርባው ላይ ቀይ ግላስ፣ የጌጥ ልብሱን፣ የለበሰ፣ ግንባሩ ላይ ጌጥ የተንጠለጠለበት፣ የሚያሽካካ፣ መሬት የሚጎደፍር። ዳርና ዳሩ፣ እንደ ፈራሁት፣ የቆመ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌው የልጃቸውን ኮርቻ ይዘው መጡ። ላግዝ ስል እጄን በቀስታ ገለል አደረጉት፤ ራሳቸው ጫኑ፣ ራሳቸው አጠበቁ፣ እየጫኑ በአዊኛ ያነጋግሩታል። ጆሮው እንደገና ቀጥ አለ። እኔ ከፊቱ ቆሜ ልጓሙን ይዣለሁ።

የሟቹ እኩዮች ተሰለፉ። ዳማውን መካከላቸው አስገባሁት። አንዱ እጁን ሲያወርድ ልጓሙን ኮርቻው ላይ ጥዬ ገለል አልኩ።

ተነሱ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ዳማው መጀመሪያ የዘገየ መሰለኝ። «አይ ጉዴ፣ ሊቆም ነው» አልኩ። ከዚያ ላህ ዳር ያየሁት መወንጨፍ መጣ። ባዶው ኮርቻ ከፈረሰኞቹ መካከል ብቅ አለ፣ እርካቡ ግራና ቀኝ እየበረረ። ሰዉ ፊት ሲደርስ እንዳይቆም እጄን አፌ ላይ አድርጌያለሁ፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አለፈ፣ አንዱንም አላየው። እኔንም። በአጠገቤ ሲያልፍ የላቡ ፍንጣቂ ደረሰኝ እንጂ ዓይኑን አላገኘሁትም። ስንተኛ እንደወጣ አላውቅም፤ ፊተኛ አልነበረም፣ ኋለኛም አልነበረም። መካከላቸው ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር፣ ትከሻ ለትከሻ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ አለቀሱ።

ሌሎቹ ፈረሶች ጫፉ ላይ ደርሰው ተመለሱ። ዳማው አልተመለሰም። እርምጃውን ቀዝቀዝ አደረገ፣ ከመንጋው ተለየ፣ አቀበቱን ወጣና የቅንጭቡ አጥር በር ላይ ደርሶ ጎኑን ለበሩ ሰጥቶ ቆመ፤ ጋላቢው እንዲወርድ። ሽማግሌው አጠገቤ ነበሩ። ወዲያ እያዩ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «አባቴ፣ ሮጠልዎት» ልል ነበር፤ ተውኩት። እሳቸውም አይተዋል።

ያን ቀን የክብር እንግዳ ሆንኩ። ጠላው ሲቀዳ ጉራዬ ተመለሰ፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ገጹ፣ ስለ ዶሮዋ ሳወራ ድንኳኑ ሙሉ ተሰብስቦ ይሰማኛል። «የፈረስ ሊቅ» አሉኝ። አንዱ «እኔ አርጅቻለሁ፣ ገጼን ልትገልጥልኝ ትችላለህ?» አለኝ፤ «አንተ ገጽህ የቀረ አይመስለኝም፣ ሽፋኑ ብቻ ነው» አልኩት። ሳቁ። ሁሉም ሳቁ። መሸና ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ።

በነጋታው ልሄድ ስነሳ ሽማግሌው ገንዘቡን ሰጡኝ፤ ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ዳማው ግቢው ውስጥ ገብሱን ይበላል። በአማርኛ «በል እንግዲህ» አልኩት። መብላቱን ቀጠለ። ሽማግሌው በር ድረስ ሸኙኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ። «ሲመሽ ምን ነበር የሚያደርግ? እንዳይከፋው ነው።»

አሰብኩ። «ሲመሽ ያወሩለት አባቴ። ለምዷል።»

«ምን ልበለው?»

«ያሻዎትን። አይመልስልዎትም፤ ግን አያቋርጥዎትም።»

«እኔም ሌላ የማወራው የለኝም» አሉና ፊታቸውን ወደ ግቢው መለሱ። «እንግዲያው ይሁን። እናወራለን።»

እንዲያው የሚያወሩት በአዊኛ መሆኑን ሳስብ ደስ አለኝ። እሱን ይሰማል።

ከቡሬ በሚኒባስ መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሥራዬን ሲጠይቀኝ «የፈረስ ጡንቻ ላይ ነኝ» አልኩት፤ ትንሽ ፈቀቅ አለ።

ቤቴ ስደርስ ገና ቀን ነበር። ጋሪው ግቢው ውስጥ ቆሟል። ፈረስ የሌለው ጋሪ አይታችሁ ከሆነ አፍንጫውን መሬት ላይ ደፍቶ ነው የሚቆም፤ መቀመጫው ወደ ፊት ያዘነብላል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ወጥቼ መቀመጫዬ ላይ ተቀመጥኩ። ተንሸራትቼ ወረድኩ። ደግሞ ወጣሁ። አከራዬ በራፋቸው ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ምን እየሆንክ ነው አንተ?» አሉኝ።

«ቁልቁለት ላይ ነኝ እትዬ፣ ዘወር ይበሉ እንዳልገጭዎት!»

ሳቁና በሩን ዘግተው ገቡ። እኔ እግሬን ከፊት ባለው እንጨት ላይ ተክዬ፣ እንዳልንሸራተት ሁለት እጄን ዳርና ዳሩ ላይ አድርጌ፣ ትንሽ ተቀመጥኩ።